አይቶ ያልጻፈ እንዳላየ ነው

ከአባቶቻችን ምርቃት ሁሉ አንዱን እፈራዋለሁ፤ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለውን። የምፈራው ክፉ ምርቃት ስለ ሆነ አይደለም፤ ጐዶሎ ስለ ሆነ ነው። ጧሪ እንዳይጠፋ ይለምናል እንጂ፥ የተገኘው ጧሪ እጁን እንዳያነሣ አይለምንም። መራቂዎቹ ግን አልተሳሳቱም። በእነርሱ ዘመን ጧሪው ልጅ ነበረ፤ ልጅም ቢበድል ጎረቤት ያያል፥ ዘመድ ይገሥጻል፥ ሽማግሌ ይፈርዳል። ዛሬ ግን ልጅ ሞቶ፥ ወይም ተሰድዶ፥ ወይም ደኅይቶ፥ እናቱን ለማያውቀው ሰው እጅ የሚያስረክብበት ጊዜ መጥቷል። አጥር ያለው፥ በር ያለው፥ ዘበኛ ያለው መጦሪያ ቤት በአገራችን ተተክሏል። ከዚያ አጥር ውስጥ ክፉ ነገር ቢደረግ ማን ይመሰክራል? በምንስ ይመሰክራል? ይህን ጽሑፍ ለእናንተ ለወጣቶች የምጽፈው ስለዚህ ጥያቄ ነው። የምጽፈውም ሌሎችን ለመውቀስ ብቻ ሳይሆን፥ በመጀመሪያ ራሴን ለመክሰስ ነው።

እኔ በጋምቤላ ከተማ ከ20 ዓመት በላይ በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት የኖርሁ ሰው ነኝ። ገቢ ደብዳቤ ሲመጣ ቀኑን፥ ቁጥሩንና የላኪውን ስም ሳልመዘግብ አድሬ አላውቅም። ከግምጃ ቤት አንድ እስክርቢቶ ሲወጣ እንኳ ሞዴል 22 ይቈረጥ ነበር። እንግዲህ ለእስክርቢቶ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው ለአንዲት ሽማግሌ እናት ምን እንዳደረገ ስሙ።

በሰፈራችን አንዲት የአኙዋ እናት ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ «እማማ» ይላቸው ነበር፤ እኔም እንደዚያው። ጉልበት በነበራቸው ጊዜ በባሮ ዳር ዓሣ እየሸጡ ልጆች አሳድገዋል፤ የእኔም ልጆች ከእጃቸው በልተዋል። ልጆቻቸው በሞት ቀድመዋቸው፥ ዓይናቸው ደክሞ፥ ወገባቸውም አልታዘዝ ሲላቸው፥ የእኅታቸው ልጅ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ በበጎ አድራጊዎች ስጦታ ወደሚተዳደር አንድ መጦሪያ አስገባቻቸው። ቤቱ ዛሬ የለም፤ ተዘግቷል። ስሙንም ያለበትንም ቦታ አልጽፍም፤ የማልጽፍበትን ምክንያት ወደ ኋላ ትረዱታላችሁ።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ማንጎ ይዤ እጠይቃቸው ነበር። በመጀመሪያ ያየሁት በእጃቸው አንጓ ላይ የጣት ምልክት የመሰለ ጥቍረት ነው። በሌላ ቀን ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ፥ የውሃው ኩባያ እጃቸው በማይደርስበት መስኮት ላይ ተቀምጦ አገኘሁ፤ የጋምቤላ ሙቀት ከክረምቱ በፊት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። በሌላም ቀን ለወባ ብዬ የገዛሁላቸው አጎበር ከአልጋቸው ላይ ተነሥቶ ነበር። «ምን ሆነው ነው፥ እማማ?» ብዬ ስጠይቅ፥ በአኙዋኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። እማማ አማርኛ የሚያውቁት ለገበያ ያህል ነው፤ ዓሣ የሚሸጥበትን ቃል እንጂ ሕመም የሚነገርበትን አይደለም። አጠገባችን የቆመችው የቤቱ ሠራተኛ «ወደቅሁ ነው የሚሉት» ብላ ተረጐመችልኝ። ያ ሁሉ ንግግር በአንድ ቃል ማለቁ ሊያስደነቀኝ ይገባ ነበር፤ አላስደነቀኝም። ለየትኛውም ቀን፥ ለየትኛውም ነገር አንድ መስመር አልጻፍሁም። «እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ይረሳል?» ብዬ በልቤ ታመንሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቤቱ ረጂዎቹንና የቀበሌውን ሰዎች ሰብስቦ ሲያነጋግር እኔም ተነሥቼ ተናገርሁ። በቁጣ ተናገርሁ። ኃላፊው አልተቈጣም፤ በትሕትና ጠየቀኝ። «አባቴ፥ ያዩት በየትኛው ቀን ነው?» አላወቅሁም። «የቀኝ እጃቸው ነው ወይስ የግራ?» ተጠራጠርሁ። «በዕለቱ ተረኛዋ ማን ነበረች?» ስሟን አልጠየቅሁም ነበር። ከዚያ በኋላ የራሱን መዝገብ ገለጠ። ቁርስ፥ ምሳ፥ እራት፥ መድኃኒት፥ ገላ መታጠብ፥ ሁሉም በየቀኑ ተጽፏል፤ ሁሉም ተፈርሞበታል። እርሱ መዝገብ ነበረው፤ እኔ ቁጣ ነበረኝ። ስብሰባው ለማን እንደ ፈረደ መናገር አያስፈልገኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ዘበኛው በሩን አልከፈተልኝም። አራት ወር ሳይሞላ የእማማን ቀብር ሰማሁ። በቀብራቸው ላይ የእኅታቸው ልጅ ባል የነገሯትን ነገረኝ፤ «ወደቅሁ» ሳይሆን «ጣሉኝ» ይሉ ነበር አለኝ።

እውነት ተጥለው ነበር? ወይስ እርጅና አሳስቷቸው ነው? እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማላውቀውም የሚታወቅ ነገር ስላልነበረ አይደለም፤ የሚታወቅበትን ጊዜ እጄን አጣጥፌ ስላሳለፍሁት ነው። የቤቱን ስም የማልጽፈው ስለዚህ ነው። ማስረጃ የሌለው ሰው ስም የመጥራት መብት የለውም፤ ምናልባት ያችን ሠራተኛም ያለ ኃጢአቷ እበድላት ይሆናል። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ሺህ ጊዜ ተናግሬው ነበር፤ የገባኝ ግን እማማ ከተቀበሩ በኋላ ነው።

አሁን ከእኔ ጋራ የማይስማሙትን ሰዎች አንድ በአንድ ላነጋግር።

የመጀመሪያዎቹ «ከጐዳና አይሻልም ወይ?» የሚሉ ናቸው። ሰው በነጻ አብልቶ፥ አልብሶ፥ አስተኝቶ ሳለ የሚመረምረው ሰው ምስጋና ቢስ ነው ይላሉ። ይህ ንግግር ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ክፋት አለበት። ምጽዋት የሰጠ ሰው የመምታት ፈቃድ አብሮ የገዛ አስመስሎታልና። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ አዝዟል። የአፍሪካ ኅብረትም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 በአዲስ አበባ ስለ አረጋውያን መብት ራሱን የቻለ ስምምነት አጽድቋል። እንግዲህ መጦር መብት ከሆነ፥ የሚጦርበትን መንገድ መጠየቅ እንዴት ውለታ መካድ ይሆናል? በ2002 ዓ.ም. ብንያም በለጠ በአዲስ አበባ መቄዶንያን ሲመሠርት ሕዝብ ገንዘቡን ያፈሰሰው አረጋዊ ከመንገድ እንዲነሣ ብቻ አይደለም፤ ክብሩም አብሮ እንዲነሣ ነው። በቅንነት የሚሠራ ጧሪ ቤት ጥያቄን አይፈራም፤ እንዲያውም ከሌሎች የሚለየው ሲጠየቅ ነው።

ሁለተኛዎቹ «ገመና ነው፥ በሽምግልና ይለቅ» የሚሉ ናቸው። ሽምግልናን አልንቅም፤ ድንበርና ከብት ያጣላቸውን ብዙ ሰዎች ሲያስታርቅ በጋምቤላ አይቻለሁ። ነገር ግን ሽምግልና የሚሠራው ሁለት ሰዎች ቆመው መነጋገር ሲችሉ ነው። አንዱ አልጋ ላይ የተኛ፥ ነገም ውሃ የሚያጠጣው ያው የተከሰሰው ሰው ከሆነ፥ «ይቅር በይው» ማለት «አጎንብሺለት» ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ደካማን፥ በሽተኛን ወይም ራሱን መከላከል የማይችልን ሰው መጉዳት ቅጣትን የሚያከብድ ነገር አድርጎ ይቈጥረዋል። ሕጉ ያከበደውን እኛ በቡናና በምርቃት ለምን እናቀለዋለን?

ሦስተኛዎቹ ከእናንተ ከወጣቶቹ መካከል ናቸው፤ ስለዚህ ታግሣችሁ ስሙኝ። እነዚህ ክፉ ነገር ሲያዩ ዝም አይሉም፤ ስልካቸውን አውጥተው የተራቈተችውን ሽማግሌ ፎቶግራፍ ያነሡና በፌስቡክና በቲክቶክ ይበትኑታል። በሁለት ቀን ውስጥ ሺህ ሰው ያለቅሳል፤ ሺህ ሰው ይሳደባል፤ በሦስተኛው ቀን ሌላ ነገር ይመጣል። ሴትዮዋ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የሸፈነችውን ገላዋን አገር አይቶባት እዚያው አልጋ ላይ ናት። አንደኛ ተመትታ፥ ሁለተኛ ተገልጣ። ያነሣውም ልጅ በዳኛ ፊት ቢጠራ እንደ እኔ ቀኑን አያውቀውም። ጩኸት ማስረጃ አይደለም። እንዲያውም ጥፋተኛው ጩኸቱን ሰምቶ መዝገቡን ለማስተካከልና ምስክሩን ለማስፈራራት ጊዜ ያገኝበታል።

በእኛ አገር በጋምቤላ ደግሞ ጩኸት ከዚህ የባሰ አደጋ አለው። አኙዋው፥ ኑዌሩ፥ መዠንግሩ፥ ኦፖው፥ ኮሞውና ከደጋ የመጣው ሰው በአንድ ገበያ እየዋለ የሚኖርባት አገር ናት። በእንዲህ ያለ አገር አንዲት ሠራተኛ አንዲትን ሽማግሌ ብትመታ፥ ወሬው «እገሊት እገሊትን መታች» ብሎ አይሄድም፤ «እነ እገሌ ሽማግሌያችንን መቱ» ብሎ ነው የሚሄደው። ወሬ የሚከስሰው ጎሣን ነው፤ መዝገብ የሚከስሰው ግን ሰውን ነው። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። በታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ከጋምቤላ ከተማ ውጭ በመንገድ ላይ ስምንት ሰዎች ተገደሉ። ገዳዮቹ እነማን እንደ ሆኑ ሳይጣራ ደሙ በአንድ ሕዝብ፥ በአኙዋ ላይ ተቈጠረና፥ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ1997 ዓ.ም. እንዳወጣው ጽሑፍ፥ በዚያው ቀንና በተከታዮቹ ቀናት በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ተገደሉ። የሟቾቹ ቍጥር እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። በደለኛው በስሙ ሳይለይ የሚፈረድ ፍርድ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ባልበደለው ላይ ነው።

ይህ ነገር በደም ብቻ ሳይሆን በእንጀራም ታይቷል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2023 በጁን ወር የእርዳታ እህል እየተሰረቀ ነው ተብሎ በመላው ኢትዮጵያ የእህል እርዳታ ሲቆም፥ ከደቡብ ሱዳን ተሰደው በጋምቤላ መጠለያዎች፥ በኩሌ፥ በጀዊ፥ በፒኙዶ የተቀመጡት ሰዎችም ድርሻቸው ተቋረጠ፤ የስደተኞቹ እርዳታ መልሶ የተጀመረው በኦክቶበር ነው። በእነዚያ ወራት ራት አጥታ ያደረች አሮጊት ከመጋዘን ምን ሰርቃ ነበር? የሰረቀው ተለይቶ በጊዜው ባለመያዙ ያልሰረቀው ተራበ። እያንዳንዱን ጆንያ፥ እያንዳንዱን ቀንና እያንዳንዱን እጅ መጻፍ ለጌጥ አለመሆኑን ከዚህ ተማሩ።

አራተኛዎቹ «በዚህ አገር ወረቀት ምን ይሠራል?» የሚሉ ተስፋ የቈረጡ ናቸው። ለእነዚህ መልስ የምሰጠው በምኞት ሳይሆን በሆነው ነገር ነው።

በደቡብ አፍሪካ በጋውቴንግ ክፍለ ሀገር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2015 እና በ2016፥ ከ1,000 የሚበልጡ የአእምሮ ሕሙማን ላይፍ ኤሲዲሜኒ ከሚባለው ተቋም ወጥተው ብዙዎቹ ለበጎ አድራጎት ማኅበራት ቤቶች ተሰጡ። ምክንያቱ ወጪ መቀነስ ነው ተባለ። ሕሙማኑ መሞት ጀመሩ። የክፍለ ሀገሩ የጤና ባለ ሥልጣን የሞቱት 36 ናቸው አሉ። ቤተ ሰቦች ግን ዝም አላሉም፤ እየዞሩ ጠየቁ። በፌብሩዋሪ 2017 የጤና እንባ ጠባቂው ፕሮፌሰር ማሌጋፑሩ ማክጎባ መርምረው ሟቾቹ ከ94 እንደማያንሱ፥ ሕሙማኑን የተረከቡትም 27 ማኅበራት ሕጋዊ ፈቃድ እንዳልነበራቸው ገለጡ። በ2018 በዲክጋንግ ሞሴኔኬ ሰብሳቢነት የተፈረደው ዳኝነት ቍጥሩን 144 አደረሰው፤ ለቤተ ሰቦቹም ካሣ ተወሰነ። ከ36 እስከ 144 ያለው ልዩነት 108 ሰው ነው። እነዚያን 108 ሰዎች ከመቃብር ማስነሣት ማንም አልቻለም፤ ነገር ግን እንዳልነበሩ ሆነው እንዳይቀሩ ያደረጋቸው ጠይቆ የጻፈ ሰው ነው።

በእንግሊዝ አገርም በጎስፖርት ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ለአረጋውያን ከልክ ያለፈ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ እየተሰጠ መሆኑን ነርሶች በ1991 ተናግረው ነበር፤ የሰማቸው አልነበረም። ነገሩን ያጣራው ጉባኤ የሕሙማኑን መዝገብ አገላብጦ በ2018 ሲናገር፥ ከ450 የሚበልጡ ሰዎች ዕድሜ ያለ በቂ ምክንያት በመድኃኒት ማጠሩን አረጋገጠ። ከዚያም አንድ ነገር ጨመረ፤ መዝገባቸው የጠፋውን ቢያስቡ ምናልባት ሌሎች 200 ሰዎችም ይኖራሉ አለ። ልብ አድርጉ፤ መዝገቡ የተገኘው ሰው እውነቱ ታወቀለት፥ መዝገቡ የጠፋው ሰው ግን በ«ምናልባት» ውስጥ ቀረ። የእኔም እማማ በዚያው «ምናልባት» ውስጥ ናቸው።

የሩቅ አገር ነገር ነው እንዳትሉኝ ከራሳችን ከተማ ልጨምር። በሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ውጊያ ከሆነ በኋላ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የሟቾችን ቤተ ሰቦችና የዓይን ምስክሮችን አነጋግሮ፥ በዚያን ሰሞን ቢያንስ 50 ሲቪሎች በጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን በመስከረም 2015 ዓ.ም. ገለጠ። ይህ ሊሆን የቻለው ያዩትን የሚናገሩ፥ የሚናገሩትንም በጥንቃቄ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ተገኙ ነው። ጋምቤላ መጻፍ አዲስ ነገር የሆነባት አገር አይደለችም። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋራ ከተዋዋሉ በኋላ የባሮ ወደብ ሲሠራ፥ ክረምት በሞላው ወንዝ የሚወርደው የቡና ጆንያ ይቈጠርና ይጻፍ ነበር። ለቡና የተዘረጋ መዝገብ ለእናት ሲሆን ለምን ይታጠፋል?

እንግዲህ አንተ ወጣት፥ አንቺም እኅቴ፥ የምትጦር አያት ወይም ጎረቤት ካለቻችሁና ልባችሁ ክፉ ነገር ከጠረጠረ፥ እንዲህ አድርጉ።

ለዚሁ ነገር ብቻ አንድ ደብተር ግዙ፤ ገጹንም በቁጥር ምልክት አድርጉበት፥ ወረቀት እንደ ተቀደደና እንዳልተቀደደ ይታወቅ ዘንድ። በሄዳችሁበት ዕለት ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ሌሊት መሆኑንና ቀን መሆኑን፥ በክፍሉ ውስጥ የነበሩትን ሰዎችና የተረኛዋን ስም በዚያው ዕለት ጻፉ። ስሕተት ብትጽፉ አትፋቁት፤ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ከጎኑ አርሙ። የተፋቀ መዝገብ ጸሐፊውን ያስጠረጥራል።

ያያችሁትን፥ የሰማችሁትንና የገመታችሁትን አታደባልቁ። «መቷት» ብሎ መጻፍ ግምት ነው። «በግራ ክንዷ ላይ፥ ከክርን በላይ፥ የሳንቲም ስፋት ያላቸው ሦስት ጥቍረቶች አየሁ፤ ባለፈው ማክሰኞ አልነበሩም» ብሎ መጻፍ ማየት ነው። «ሠራተኛዋ አልጋ መታት አለችኝ» ብሎ መጻፍ መስማት ነው። ያረጀ ገላ በትንሽ ነገር ይጠቍራል፤ አንዳንድ መድኃኒትም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ፍርዱን ለሐኪም ተዉለት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ወስዳችሁ አስመርምሩ፥ የሐኪም ማስረጃም በጽሑፍ ጠይቁ። ቁስል ብቻ አትዩ። ክብደቷ መቀነሱን፥ በጀርባዋ የመኝታ ቁስል መውጣቱን፥ ውሃዋ እጇ የሚደርስበት ቦታ መሆኑን፥ አጎበሯ መኖሩን፥ ሰው ሲገባ መደንገጧን ሁሉ ጻፉ። ያማረ ነገር ያያችሁበትንም ቀን ጻፉ። ክፉውን ብቻ የሚጽፍ ደብተር ጠበኛ ነው ይባላል፤ ሁለቱንም የሚጽፍ ግን ይታመናል።

ቃሏን በራሷ ቋንቋ አድምጡ። በአኙዋኛ ከተናገረች በአኙዋኛ፥ በኑዌርኛ ከተናገረች በኑዌርኛ እንዳለችው ጻፉት፤ ከዚያ በኋላ ተርጕሙት። አስተርጓሚው የቤቱ ሠራተኛ አይሁን። «መታሽ ወይ?» ብላችሁ አታስተምሯት፤ «ምን ሆንሽ?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ፎቶግራፍ ማንሣት ካስፈለገ አስፈቅዱ፤ የተጎዳውን ቦታ ብቻ አንሡ፥ ሌላውን ሸፍኑ፤ የምታሳዩትም ለሐኪም፥ ለፖሊስና ለሕግ ሰው እንጂ ለገበያ አይደለም።

ወረቀቶችን ሰብስቡ። የገባችበትን ውል፥ የመድኃኒት ማዘዣውን፥ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ፥ የጡረታ ደብተሯን፥ የራሽን ካርዷን፥ ያስገባችላችሁን ዕቃ ዝርዝር በአንድ ቦታ አኑሩ። የቤቱን መዝገብ ሰርቃችሁ አታውጡ፤ ሌባ ከሆናችሁ ተከሳሾቹ እናንተ ትሆናላችሁ። በደብዳቤ ጠይቁ፤ የደብዳቤውን ግልባጭ ገቢ የሆነበትን ቀንና ቁጥር አስጽፋችሁ ያዙ። ቢከለክሏችሁም መከልከላቸው ራሱ ማስረጃ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ሕይወቷ የሚያሰጋ ከሆነ ደብተሩ ይቈይ። ውሃ የጠማትን ሰው መጀመሪያ አጠጧት፥ የሚደማውን መጀመሪያ አስሩ፥ ፖሊስንና ሐኪምን ጥሩ፤ መጻፉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ማስረጃ እስኪሞላ ብላችሁ ሰው እንዲሞት አትጠብቁ። የተሰበሰበውን ደግሞ በጓዳ አታሳድሩት። ለፖሊስ፥ ለማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፥ በጋምቤላ ጽሕፈት ቤት ላለው ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ግልባጩን ስጡ፤ ዋናውን እናንተ ያዙ።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ ምስኪን ሠራተኞችን ማሳደድ ነው» ይለኝ ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ሠራተኞች ራሳቸው ሲጠየቁ፥ በአረጋውያን ተቋማት ከሚሠሩት ከ3ቱ 2ቱ በአንድ ዓመት ውስጥ በደል መፈጸማቸውን ተናግረዋል። ከ3 ሰዎች 2ቱ አውሬ ሆነው አይፈጠሩም። ብቻዋን ብዙ ሕሙማን የምታገላብጥ፥ ደመወዟ የዘገየባት፥ ሌሊቱን ያልተኛች ሴት እጇ ሊከብድ ይችላል። በቅንነት የተጻፈ ደብተር ይህንንም ያሳያል፤ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ያው ስም ተረኛ ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ወረቀቱ ይናገራል። ንጹሕ ሠራተኛም ከሐሜት የምትድነው በዚሁ መዝገብ ነው። ስለዚህ የምላችሁ ጠላት ፈልጉ አይደለም፤ እውነትን አስቀምጡ ነው።

እኔ ዛሬ አርጅቻለሁ። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ የሌላ ሰው እጅ ውሃ ያጠጣኛል፤ ያ እጅ እንዴት ያለ እንደሚሆን አላውቅም። ልጆቼን የምመርቃቸው እንደ አባቶቼ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቃል እጨምርበታለሁ። ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ፤ ጧሪያችሁንም አይቶ የሚጽፍ ሰው አያሳጣችሁ። ይህን ያነበብህ ወጣት፥ በሚመጣው እሑድ አያትህን ወይም ጎረቤትህን ልትጠይቅ ስትሄድ ማንጎውን አትርሳ፤ ደብተሩንም አትርሳ።